ጣት ማፍታቻ

አንድ ፋይል በምን ኮድ እንደተጻፈ ማንም ካልነገረው፣ ፕሮግራሙ ምን ብሎ ይገምት? ፕሮግራመሯ ክሊኒኩ መዝገብ ቤት ተቀምጣ ከጠዋት ጀምሮ ይህችኑ አንዲት መስመር ትጽፋለች፣ መልሳ ታጠፋለች።

ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጽፍበትን ዩኒኮድ ብትለው፣ ከዛሬ ወዲያ የሚጻፈው ሁሉ ደህና ይነበባል። የክሊኒኩ የሃያ ዓመት የወሊድ መዝገብ ግን ዩኒኮድ ከመምጣቱ በፊት እዚሁ ቤት በተሠራ ኮድ ስለተጻፈ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። አንድ ሰው ሳያውቅ ሴቭ ካደረገው፣ የእናቶቹም የልጆቹም ስም ጠፍቶ ቀረ ማለት ነው። የድሮውን ብትለው ደግሞ አዲሱ ይበላሻል። አዲሱ ማሽን ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ ይጀምራል።

"ባሕር ማዶ አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስታደርጊ ነበር?" አሏት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው።

"እዚያ ዩኒኮድ በይውና እለፊ ነው የሚሉት፣ እትዬ።"

"ታዲያ እለፊያ!"

"ስሞቹስ?"

እትዬ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። መንታ ልጆቻቸው የተወለዱት እዚሁ ነው።

"ኮዱን የሠራው ሰው የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ የትም አልጻፈም?" አለች ፕሮግራመሯ።

"ያ ቴክኒሻን? ለማን ብሎ? ሦስት ነበርን፣ እሱ ያውቀዋል ብለን ተኛን። ጡረታ ሲወጣም ኬክ ቆረስን እንጂ ማን ጠየቀው!" ሳቃቸው መጣ። "ይልቅ በየዓመቱ መዝገብ መጀመሪያ ላይ ቆሻሻውን ይተው ነበር። ደምስሰው ብለው ሞቼ እገኛለሁ አለኝ።"

"የምን ቆሻሻ?"

"ጣት ማፍታቻ ይለዋል። የመጀመሪያዋን እናት ከመጻፉ በፊት ከሀ እስከ ፐ ፊደል ይቆጥራል፤ ልክ እንደ ተማሪ!"

የፕሮግራመሯ እጅ ኪቦርዱ ላይ ቀጥ አለ። የመጀመሪያውን ዓመት ፋይል ከፈተችና ከጥያቄ ምልክቶቹ ሥር ያሉትን ቁጥሮች አወጣች። የመጀመሪያው ቁጥር ሀ ነው። ቀጣዩ ሁ። እትዬ ከኋላዋ ቆመው በቃላቸው እየቆጠሩላት፣ እሷ ከየቁጥሩ አጠገብ እየጻፈች፣ ፖ ላይ ደረሱ።

ያቺን መስመር ዩኒኮድ ብላ ጻፈቻት፤ አላጠፋቻትም። የድሮውን መዝገብ ግን ለግምት አልተወችውም፤ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚነበብ ለፕሮግራሙ ለይታ ነገረችው። ሠንጠረዡን ለቴክኒሻኑ ክብር "ጋሼ" አለችው።

ስሞቹ አንድ በአንድ ወጡ። እትዬ መንቶቹ ላይ ሲደርሱ ስክሪኑን በጋውናቸው እጅጌ ጠረጉት፤ አቧራ አልነበረበትም።

ፕሮግራመሯ የቴክኒሻኑን ስልክ ቁጥር ከእትዬ ተቀብላ፣ "ጋሼ፣ ጣት ማፍታቻዎን አገኘነው። የጻፉት ሁሉ ይነበባል" ብላ ላከች። ስልኳ መልእክቱ ደርሷል አለ። መልስ ግን በዚያም ቀን፣ በዚያም ወር አልመጣም።