ስፒል በአፌ ይዤ

በስልኬ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚጮኸውን ሁሉ አያለሁ እንጂ አንድ ፊደል ጽፌ አላውቅም። የሰው ገበና ሲዘከዘክ ላይክ የሚያደርጉትን ሁሉ እንቃቸዋለሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አይቼ አልፋለሁ።

ታናሽ እህቴ የሰርጓን ቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ በርጩማው ላይ እንደቆመች «ምን አደረግኩሽ?» አለችኝ። በፎቶዋ ሥር በእኔ ስም የተጻፈውን አነበበችልኝ፦ «የመጀመሪያ ባሏን ለምን እንደፈታች ለአዲሱ እጮኛዋ ነግራዋለች?»

«እኔ? ልጆቼን ይንሳኝ!»

«ካንቺ ሌላ ለማን ነገርኩ?»

አስቤው ነበር፤ ማሰብ ወንጀል ሆነ እንዴ? ግን አልጻፍኩም! ደሜ ፈላ። ስልኬን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቼ ሰጠኋት።

«እንኪ፣ ፈትሺ! ይሄን በስሜ የሚጽፍ ሌባ አብረን እንይዘዋለን።»

ስፒሎቹን በከንፈሬ ይዤ ተንበረከክኩና በሁለት እጄ የቀሚሱን ጠርዝ ማጠፍ ጀመርኩ። ወገቡ ላይ ጠቧታል። አረገዘች እንዴ? አልኩ በልቤ።

እህቴ ከበላዬ ስልኬን ወደ ፊቴ አዞረችው።

«እታለም፣ ስልክሽ በእጄ ነው። ማንም አልነካውም። አሁን በፎቶዬ ሥር በስምሽ ‹አረገዘች እንዴ?› የሚል ተጻፈ። እጮኛዬም አይቶታል።»