የቀጭኔው ቀይ መስመር

«ጉልበትሽን ሸብረክ፣ አንገትሽን ቀበር አድርጊ» እላታለሁ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። በዚህ ጥበብ የሚስተካከለኝ አልተወለደም፤ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ አንድ ጦር ሠራዊት ማዘዝ እችላለሁ።

ልጄ ከእንጨት ከተሠራው ቀጭኔ ጎን ቆማለች። ቀጭኔው ደረት ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ የበለጠ ልጅ በፓርኩ ትንሽ ባቡር አይሳፈርም። የዛሬ ሁለት ዓመት መስመሩና አናቷ እኩል ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ እሑድ እሑድ፣ ጉልበቷን እያጠፈች ስናልፍ ከረምን። ዛሬ ግን ብታጥፍም ባታጥፍም ያው ነው፤ መስመሩ አገጯ ሥር ገብቷል። እንደ ሸንበቆ ተመዛለች። በእኔ ወጥታ ነው። እኔ በእሷ ዕድሜ ደመና በባርኔጣዬ እጠርግ ነበር።

ባለ ባቡሩ ትኬት ይቆርጣል፣ ፊሽካ ይነፋል፣ ይነዳል፤ ሁሉም እሱ ነው። ልጄን ከእግሯ እስከ ራሷ ያያትና «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ባቡሩን አዝላ ትዞራለች» ይለኛል።

«ስምንት ዓመቷ ነው!» እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «የእኛ ዘር እንዲህ ነው፤ ማታ ተኝተን ጠዋት ሱሪው ያጥረናል።»

«አሥራ አንድ ነኝ» ትላለች ልጄ። ጉልበቷን ዘርግታ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ባለ ባቡሩ ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ ወደሚቀጥለው ልጅ ይዞራል።

ከተፋታን በኋላ እናቷ አንድ ቀን በሯ ላይ ቆማ ቁርጡን ነግራኛለች፦ «ደስ እያላት እስከመጣች ትምጣ። አልፈልግም ያለች ዕለት ግን አላስገድዳትም።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ባቡር የሙጥኝ ብያለሁ። ልጄ ከእኔ ጋር ሆና እስክትንፈራፈር ስትስቅ ያየሁት እዚህ ላይ ነበርና፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ የትም ወስጃት አላውቅም። የፓርኩን ሐይቅ ያስቆፈርኩት እኔ እንደሆንኩ ነግሬያታለሁ። ዳክዬዎቹን አንድ በአንድ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ ስም በጠራሁ ቁጥር ዘወር ብለው ይሄዳሉ እንጂ።

አግዳሚው ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ቀድሜ የቆረጥኳቸው ሁለቱ ትኬቶች እጄ ላይ ናቸው።

«አይዞሽ ሚጣዬ። የፓርኩን ኃላፊ አነጋግረዋለሁ፤ ያለ እኔ ምክር ችግኝ አይተክልም። መስመሩን ከፍ ያደርጉታል። ቀለም እኮ ነው!»

«አባዬ።»

«ቀጭኔውንም ቢሆን እናስረዝመዋለን…»

«አባዬ፣ ባቡሩ ከሰለቸኝ ቆየ።»

ወደ እሷ እዞራለሁ። «ከመቼ ጀምሮ?»

ጫማዋን ታያለች። «ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ። አንተን በጣም ደስ ስለሚልህ ነው እንጂ የምሳፈረው።»

እኔ፣ ሰባት ጠበቃ አፍ ለአፍ ገጥሜ የረታሁ ሰው፣ በጣቴ መቁጠር እጀምራለሁ። ሁለት ዓመት! በሁለት ዓመት ስንት እሑድ አለ? ያን ሁሉ እሑድ ጉልበቷን ያጠፈችው ለእኔ ነው።

«ታዲያ ሌላ ምን እናድርግ?» እላታለሁ።

ታስባለች። ከልቧ ነው የምታስበው፤ ግንባሯ ይኮሳተራል። ሸርተቴውን ታያለች፣ ሐይቁን ታያለች፣ እኔን ታያለች።

«እንጃ» ትላለች።

ባቡሩ ጋ ጭቅጭቅ ተነሥቷል። አንዲት እናት ሁለት መንታ ሴት ልጆች በሁለት እጇ አንጠልጥላ ባለ ባቡሩ ላይ ትጮሃለች። ሕጉ ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አዋቂ አብሮ ይሳፈር ይላል።

«እና ራሴን ለሁለት ልሰንጠቀው?» ትላለች።

«እኔ ምን ላድርግሽ እህቴ፣ ሕግ ነው። ወይ አንዷን ምረጪ።»

«አንተ እናት ሆነህ ምረጥ!»

የምትቀረው መንታ ማን እንደምትሆን የገባት ይመስል አንደኛዋ ማልቀስ ትጀምራለች። ልጄ ብድግ ትላለች።

«አባቴ ይዟት ይሳፈራል» ትላለች ጮክ ብላ። «ይህን ባቡር እንደሱ የሚያውቀው የለም።»

እናትየዋ ታየኛለች። ሆዴን፣ ሽበቴን፣ የተወለወለ ጫማዬን ትመዝናለች። «ይችላሉ ጋሼ? አይጥሉብኝም?»

ሌላ ቀን ቢሆን በአንድ ክንዴ ጥጃ አሳድጌያለሁ እላት ነበር። «አጥብቄ እይዛታለሁ» ብቻ እላለሁ።

ወደ ልጄ ጠጋ ብዬ «ከአሥራ አምስት ቀን በኋላስ?» እላታለሁ፣ ቀስ ብዬ።

«ሂድ አባዬ፣ ያመልጥሃል» ትለኛለች፤ ጀርባዬንም በመዳፏ ገፋ ታደርገኛለች።

መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ እታጨቃለሁ። ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደርሷል። እናትየዋ ከፊቴ ካለው ፉርጎ ሦስት ጊዜ ዞራ ታየኛለች። ጭኔ ላይ የተቀመጠችው ሕፃን ለቅሶዋን ትታ ሁለት አውራ ጣቶቼን በሁለት እጇ ጭምድድ አድርጋ ይዛለች። ጸጉሯ ሳሙና ሳሙና ይላል። ፊሽካው ይነፋል።

በሐይቁ ዳር፣ በቁጥቋጦው ኋላ እንዞራለን። ስንመለስ አግዳሚው ወንበር ባዶ ነው። በሰዉ መሐል በዓይኔ እፈልጋታለሁ፤ አጣታለሁ። ሁለተኛውን ዙር ያለ ትንፋሽ ነው የምጨርሰው።

በሦስተኛው አገኛታለሁ። ልጆቻቸው እስኪወርዱ አጥሩን ተደግፈው በሚጠብቁት እናቶችና አባቶች መሐል፣ እሷም ክርኗን አጥሩ ላይ አስደግፋ ቆማለች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ወደ ልጇ እጇን ታውለበልባለች። ልጄ ሴትዮዋን አየት ታደርግና እጇን አንሥታ ታውለበልብልኛለች፤ ሳትቸኩል፣ ፈገግ ብላ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

ጣቶቼ ተይዘዋል። አገጬን ብቻ ወደ ላይ ቀና አደርግላታለሁ፤ ባቡሩም ይጠመዘዛል።