የገርባ ሐር

ጋሽ ኑሬ መቀሱን ጨርቁ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ቆም አሉ። ጠርዙን በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ከዚያ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ያ ዲንቄ፣ ይኼን ነው ፍራሽ ይስፉልኝ ያልሽኝ?»

«አዎ፣ ጭድ እሞላበታለሁ። ለሌላ ምን ይሆናል?»

ከጠርዙ አንድ ክር መዘው ክብሪት ጫሩ። ክሩ ተኮማተረና የተቃጠለ ጸጉር ሸተተ። የቀረውን ሲነኩት አመድ ሆኖ ተበተነ።

«ናይለን ቢሆን ቀልጦ ጣቴ ላይ ይጣበቅ ነበር። ይኼ ሐር ነው፤ ጥሬ ሐር። የሐር ትሉ ሙጫ ሳይለቅ የተሸመነ ስለሆነ ይሻክራል፣ አያብረቀርቅም። በልጅነቴ የዓረብ ሱቅ ተቀጥሬ ስሰፋ ነው የማውቀው። ማን አመጣልሽ?»

«ገርባ።»

ባሌ ገርባ የአሰብ መስመር ሹፌር ነው። በፋሲካ ማግስት ይህን ጨርቅ ይዞልኝ መጣ። «ሐር ነው፣ ቀሚስ አሰፊበት» ሲለኝ ዘረጋሁትና ከት ብዬ ሳቅሁ። ለእኔ ሐር ማለት እንደ ጎረቤቴ ቀሚስ ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ነዋ! «አንተ ጅል፣ ጆንያ ሸጠውልሃል» አልኩት፤ ያውም ጎረቤት በተሰበሰበበት። ፊቱ ቀላ።

በሳልስቱ ከነመኪናው ለዘመቻ ታዘዘ። ጎህ ሲቀድ ወጣ። በጨርቁ አኩርፌ ስለነበር ተነስቼ አልሸኘሁትም፤ አልጋዬ ላይ ሆኜ መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሆነው፤ ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው! ጅሏስ እኔ።

«ፍራሹ ይቅር፣ ጋሽ ኑሬ» አልኩ። «ቀሚስ ያድርጉልኝ።»

የምን ፍራሽ፣ የምን ቀሚስ ብለው አልጠየቁኝም። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ወገቤን ለኩኝ።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ? አምና ለእንቁጣጣሽ ስሰፋልሽ ሰባ ስድስት ነበርሽ። አሁን ስልሳ ስምንት ሆነሻል» አሉና በእርሳስ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

«በድሮው ልክ ይስፉት።»

«ይሰፋብሻል፣ ልጄ። ከላይሽ ይወድቃል።»

«ግድ የለም። ገርባ የገዛልኝ በዚያ ልክ ነው።»

ጋሽ ኑሬ እርሳሱን እንደገና አነሱ። ከዚያ ስልሳ ስምንቷን ሰረዙና ከጎኗ ሰባ ስድስት ብለው ጻፉ።