ከባናው ሥር

ኮከቤ የመጨረሻውን የብየዳ ኤሌክትሮድ ከሱፉ ባና ሥር አውጥታ፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ወደ መበየጃው ክፍል ይዛው መጣች። ባሏ ምስክር ኤሌክትሮዶቹን አልጋ ውስጥ ያሳድር ነበር፤ የመሐል ሜዳ ከተማ እርጥበት ካገኛቸው ብየዳው ይሰነጠቃል። ማረሻ ቶሎ እንዳይበላ የሚያደርገውን ዱቄት ቀምሞ የኤሌክትሮዱ ሽቦ ላይ የሚለብጠው እሱ ብቻ ነበር። ቅመሙን ለማንም ሳይነግር ሞተ። ከዚያ ወዲህ ይህ አንዱ በእሱ ቦታ ተኝቶ ከረመ።

"እንደ አራስ ልጅ ጠቅልለሽዋል እኮ!" አሉ ገበሬው ጋሽ ገሠሠ፣ ጫፉ ያለቀ ማረሻቸውን የብየዳ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ።

"ከገበያ በተገዛው ልበይድልዎት?"

"አምና በዚያ አስበይጄ ገብሱን ሳልጨርስ ተበላ። የምስክር ግን ሦስት ክረምት አርሷል። ካልሆነልሽ ግን ተይው ልጄ፣ አልቀየምሽም።"

ኮከቤ የብየዳ መነጽሯን አጠለቀች። ምስክር እንዳስተማራት ትንፋሿን ይዛ፣ የማረሻውን ጫፍ ዳር ዳሩን ቀስ ብላ ለበጠችው። ኤሌክትሮዱ እጇ ላይ እያጠረ ሄደ። ጋሽ ገሠሠ ማረሻው እስኪበርድ ጠብቀው፣ መርቀዋት ወጡ።

እጇ ላይ የቀረው ቁራጭ ጣት አያህልም፤ ከእንግዲህ ምንም አይበይድም። ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። ከግድግዳው በኩል በምስክር ቦታ አስተኛችውና፣ እርጥበት እንዳያገኘው ባናውን አለበሰችው።