የሽሪምፕ ዶክተር

ዶክተሩ አንበጣ የመሰለውን የባሕር እንስሳ፣ ሽሪምፕን፣ በገንዳ ያረባል። ለእሱ ሰው ሁሉ መሃይም ነው፤ ሚስቱ ደግሞ የመሃይም መሃይም። ልጅ ያላገኘነውም በእሷ ነው ይላል። ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የሰነበቱት እናቱም «ያልወለደ አንጀት!» እያሉ ያሽሟጥጧታል።

እሑድ ምሳ ላይ አንዱን ሽሪምፕ በሹካ ሰቅሎ ትምህርቱን ጀመረ።

«ሌሊቱን ሙሉ መብራት ካበራሁባቸው ሲበሉ ያድራሉ። ይደልባሉ እንጂ እንቁላል አይጥሉም። ለመራባት ጨለማ ያስፈልጋቸዋል። ግን ይሄ ለእናንተ የት ይገባችኋል!»

እናቱ ምራታቸውን አዩ። ቀጥለው የልጃቸውን ቦርጭ አዩ።

«ኧረ ገባኝ!» አሉ። «አንተም እኮ እሷን አስተኝተህ፣ ሳሎን መብራት አብርተህ ስትቆረጥም ነው የምታድረው።»