ሻጋታ አዋቂው

አቶ ምስጋናው የመካነ ኢየሱስ ከተማ እህል ነጋዴ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገብሱን በመዳፋቸው ዘግነው፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ "ሻግቷል፤ መልስ!" እያሉ ስንቱን ገበሬ ከነአህያው ሸኝተዋል። ሻጋታ ከሩቅ ይሸተኛል ይላሉ። ደፍሮ የተከራከራቸው የለም።

ኮሮና ግን ሳይሸታቸው ገባ። አሥራ ሁለት ቀን በኦክስጅን ሰንብተው ቫይረሱ ለቀቃቸው ሲባል፣ ሁለት አልጋ ወዳለበት ክፍል ተዛወሩ። በሁለተኛው አልጋ ከዚያው በሽታ የተረፈ ተክሌ የሚባል የስማዳ ገበሬ ተኝቷል።

"እንደምን ዋሉ ጌታዬ?" አለ ተክሌ።

አቶ ምስጋናው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "ጋጣ ወስደው አስተኙኝ!" አሏቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ልዕልትን፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አላደረጉ።

ዶክተር ማስተዋል ከሁለቱም አክታ አስወሰደች። በሦስተኛው ቀን ወይዘሮ ልዕልትን ወደ በሩ ጠርታ በዝግታ አነጋገረቻቸው። ለአቶ ምስጋናው ጆሮ የደረሰው ይኼው ብቻ ነው፦ "አክታው ውስጥ ፈንገስ ተገኝቷል።"

ወይዘሮ ልዕልት ዓይናቸው ቀልቶ ተመለሱ።

"ሰማሽ አይደል? ይኼ ባላገር ሳንባው ሻግቷል! ምን ይደንቃል? ጎተራው የሻገተ ሰው ሳንባው ይተርፋል?"

"ቀስ በል፣ ይሰማሃል።"

"ይስማኛ!"

ከዚያ ወዲያ አቶ ምስጋናው ባሳሉ ቁጥር ተክሌ ጋቢውን ወደ አፍንጫው ይስባል። "እፍረት ይዞታል" ይላሉ እሳቸው። ውኃ ቢያቀብላቸው ኩባያውን አልነካ አሉ።

በማግስቱ፣ ብርሃን እንዳያገኘው በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ መድኃኒት በክንዳቸው ይንጠባጠብ ጀመር። በገባ ቁጥር ያንዘፈዝፋቸዋል።

"ምንድን ነው ይኼ?" ሲሉ ጠየቁ።

"የሚያጠነክርህ ነው" አሉ ወይዘሮ ልዕልት፣ ዶክተሯን ቀድመው።

አቶ ምስጋናው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ወደ ተክሌ ዞሩ። "አየህ? መድኃኒትም ለሰው እንደየደረጃው ነው። ላንተ እንክብሏ ትበቃሃለች።"

"እውነትዎን ነው ጌታዬ" አለ ተክሌ።

አንድ ቀን ጠዋት ሲያስሉ መሐረባቸው ላይ ደም ጠብ አለ። መሐረቡን አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር ሸሸጉት። ዶክተር ማስተዋል ስትመጣ ጣታቸውን ወደ ተክሌ ቀሰሩ።

"ይኼን ሰውዬ አውጡልኝ። አጋብቶብኛል። ሊገድለኝ ነው!"

"ይኼ ፈንገስ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም አባቴ። በአየሩም በአፈሩም ያለ ነው፤ ሁላችንም እንስበዋለን። ቫይረስ ያደከመው ሰውነት ሲያገኝ፣ በተለይ ስኳር ከጨመረ፣ ያን ጊዜ ይበቅላል።"

"ስለ ሻጋታ ለእኔ ልታስተምሪኝ ነው? እኔ ስነግድ አልተወለድሽም!"

ዶክተሯ ወይዘሮ ልዕልትን አየቻቸው። ወይዘሮ ልዕልት ራሳቸውን በልመና ነቀነቁ። ዶክተሯ የመድኃኒቱን ጠብታ አስተካክላ ወጣች። አቶ ምስጋናው ግን አልተኙላትም፤ ባለ ሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፉ። "ንጹሕ ሰው ከበሽተኛ ጋር ታጉሮ" ይላል መጀመሪያው።

በሳምንቱ ተክሌ ተነሥቶ ልብሱን ለበሰ፤ አልጋውንም አነጠፈ። አቶ ምስጋናው ትራሳቸው ላይ ቀና አሉ። ፊታቸው ከስቶ ጉንጫቸው ቢጎደጉድም፣ ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

"አየሽ ልዕልት? ብዕር ይሠራል። አስወጣሁት!"

ወይዘሮ ልዕልት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ተክሌ በሩ ላይ ቆሞ ከሩቅ እጅ ነሣ። "እግዚአብሔር ይማርዎ ጌታዬ።"

"ሂድ ወዲያ! ሻጋታህንም ይዘህ ሂድ!"

ተክሌ ግራ ተጋብቶ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ ወይዘሮ ልዕልትን አየ።

"የእኔን አክታ እንኳ ንጹሕ ነው ብለውኛል ጌታዬ፤ የእርስዎ ሻጋታ ወደ ሰው አይጋባም ብለው ባይምሉልኝማ፣ አንዲት ቀንም ከጎንዎ ባልሰነበትኩ።"