የቅርብ ሰው ስልክ

ፕሮግራመሩ የጻፈው ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ ሠራተኛ ማለት ስም ያለው፣ የሥራ ክፍል ያለው፣ የቅርብ ሰው ስልክ ያለው። ኮምፒውተሩ ከዚያች ትርጓሜ ተነስቶ አራት መቶ መስመር ኮድ በዓይን ጥቅሻ ራሱ ጻፈና የሠራተኛ መመዝገቢያ ቅጹን ደቀነለት። ፕሮግራመሩም እንደ ልማዱ መጀመሪያ በራሱ መረጃ ሞከረው። ስሙን ሞላ፣ ክፍሉን ሞላ። ስልኩ ጋ ሲደርስ ጣቶቹ ሳያማክሩት የእህቱን ቁጥር ጀመሩ። አራተኛው አሃዝ ላይ፣ ከቀበራት ገና ወሩ መሆኑ ትዝ አለውና አንድ በአንድ አጠፋቸው። ባዶውን ላከው። «ይህ ሳጥን ባዶ መሆን አይችልም» አለው ቅጹ፣ በቀይ።

«ጋሼ፣ ቅጹ ምነው ቆመ? ሠራተኛው እኮ ለመመዝገብ እየጠበቀ ነው» አለች ባልደረባው ከማዶ ጠረጴዛ።

«የቅርብ ሰው የሌለው ቢኖርስ?»

«ኧረ ጋሼ! ለክፉ ቀን የሚሆን አንድ ሰው ማን ያጣል?» ብላ ሳቀች።

እሱም ለወጉ ሳቀ። ከዚያ ወደ ሦስቱ መስመሮች ተመለሰና ከስልኩ ጎን «ላይኖር ይችላል» ብሎ ጨመረ። ኮምፒውተሩ ለምን ሳይል አራት መቶውን መስመር እንደ አዲስ ጻፈው። ፕሮግራመሩ ሳጥኑን ባዶ እንደተወ ቅጹን ድጋሚ ላከ።

አሁን አረንጓዴ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «መረጃዎ ተሟልቷል። ምንም የጎደለ ነገር የለም።»